የ11 ወር ልጅ ይዞ ለፋሲካ ባህር ዳር፦ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

ወፌ ቆመች፦

ሰላም እናቶች። አባቶችም ካላችሁ ግቡ። ወንድ ልጄ 11ኛ ወሩን ሊጨርስ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ግን ባህር ዳር ሽምብጥ ናቸው። ዘንድሮ ፋሲካን እዚያ እንድናሳልፍ ተወስኗል። ማን ወሰነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። በሰሙነ ሕማማት ገብተን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እንቆያለን።

አማቴ ልጁ ሲወለድ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አርሰውኛል። ያኔ ጠብቶ የሚተኛ ልጅ ነበር፣ ያስቀመጣችሁበት ቦታ ታገኙታላችሁ። አሁን ዓይኔን ካነሳሁ የለም። በጉልበቱ ይሮጣል፣ ሶፋም የሰው እግርም ይዞ ይቆማል፣ "ወፌ ቆመች" ስንለው ለማጨብጨብ እጁን ይለቅና ዘጭ። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ሰውም ለይቷል። የማያውቀው ሰው ካቀፈው ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃል፣ እዚያ ደግሞ የሚያቅፈው ሰው ብዛት መንደር ሙሉ ነው።

ባለቤቴ በመኪና እንሂድ፣ ልጁ አገሩን ይይ ይላል። የ11 ወር ልጅ ምን አገር እንደሚያይ እንጃ። እኔ አውሮፕላን ብያለሁ። የምንደርሰው ደግሞ በጾም ነው። አማቶቼ ቤት በጾም እንቁላልም ወተትም ደጃፉን አይረግጥም፣ የኔ ልጅ ደግሞ ጠዋት እንቁላል፣ ከሰዓት እርጎ የለመደ ነው። ወባውስ? እዚህ ሆነን አስበነው የማናውቀው ነገር። ሙቀቱስ? እንቅልፉስ? ቤታችን ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የሚተኛው፣ እዚያ ግን በበዓል ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ነው የሚመሸው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በቀደም ልጁን ትንሽ ተቅማጥ ይዞት ነበርና ለአማቴ በስልክ ነገርኳቸው። "ግግ ነው የኔ ልጅ፣ ስትመጡ የምታወጣለት ሴትዮ እዚሁ ሰፈር አለች፣ እጇ ቀላል ነው" አሉኝ። ዝም አልኩ። አማቴን በጣም ነው የምወዳቸው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ ለዚህም ነው መልስ ያጣሁት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?

ጣና ዳር፦

ከወዲሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ነው የምኖረው። ልጄ ዓመት አልፏታል፣ ስለዚህ ያነሳሽው ነገር ሁሉ ገና ትኩስ ነው። ስለ መንገዱ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ ስለ ቤቱ ነው የምልሽ፣ ሰው ሁሉ ስለ መንገድ ሲጨነቅ ይከርምና ልጁ የሚጎዳው በሰላም ከደረሰ በኋላ ነው።

የበዓል ቤት ከጉልበት በታች ምን እንደሚመስል ቁጭ ብለሽ እይው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ለልጅሽ ይሄ ሰላጣ ነው። ይነጨዋል፣ ያኝከዋል፣ ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። ቄጠማ ውስጥ የወደቀ ነገር ደግሞ ለትልቅ ሰው አይታይም፤ የፈንዲሻ ፍሬ፣ የዶሮ አጥንት፣ ቆርኪ፣ ሳንቲም። እሱ ግን ያገኘዋል። መሀል ላይ ረከቦት፣ ጎኑ ላይ ከሰል፣ ከሰሉ ላይ ጀበና። ሁሉም በሱ ቁመት ልክ ነው። የሚይዘው ነገር ፈልጎ የሚቆም ልጅ መጀመሪያ የሚሄደው የረከቦቱን ጠርዝ ሊይዝ ነው፣ ጀበናው ደግሞ ለመገልበጥ ትንሽ መነካት ይበቃዋል።

ስለዚህ ቡና ሲፈላ አንድ ሰው ይኑር፣ ስሙ ተጠርቶ "አንተ ነህ፣ ያዘው" የተባለ ሰው፣ ልጁን ታቅፎ በረንዳ የሚወጣ። "ሁላችንም እናየዋለን" ከተባለ ማንም አያየውም። እኛ ቤት ቄጠማውን እንግዳ የሚቀመጥበት በኩል ብቻ እንጎዘጉዛለን፣ ለልጅቷ አንድ ጥግ ምንጣፉን ባዶ እንተዋለን። አማትሽን ይህን ብትጠይቂያቸው እሺ ይሉሻል። ቄጠማ ጭራሽ ይቅር ብለሽ ግን እንዳትጀምሪ።

ከሰሉን በተመለከተ ሌላም አለ። ማታ ልጁ የተኛበት ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ አይደር፣ በር ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ባህር ዳር በዚያ ሰሞን ስለሚሞቅ ለሙቀት ብሎ የሚያስገባ የለም፣ ግን ዶሮው ሌሊት ሲሠራ ማንደጃው ከዝናብና ከነፋስ ሲሸሽ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ፈንዲሻና ቆሎ ለሱ ዕድሜ ክልክል ነው። ከሱ በብዙ የሚበልጥ ልጅ እንኳ በቆሎና በኦቾሎኒ ይታነቃል። የሚሰጠው ሰው ግን በፍቅር ነው የሚሰጠው፣ "ትንሽ ይቅመስ" ብሎ። ጉርሻውም እንደዚያው፣ ከየአቅጣጫው የዶሮ ወጥ ይመጣል። እኔ ልጄን ቀድሜ አበላትና በእጇ የድፎ ዳቦ ለስላሳውን አስይዛታለሁ። ልጅ በእጁ የያዘው ነገር ካለ ሰው "በልቷል" ብሎ ይተወዋል። እጁ ባዶ ከሆነ ግን አለቀልሽ።

ስለ ጾሙ። ለሕፃን ጾም የለም፣ ይሄን አማትሽም ያውቃሉ። አስቸጋሪው ድስቱ ነው። እንቁላል የተቀቀለበት ድስት ወይ እርጎ የነካው ማንኪያ ከጾሙ ዕቃ ጋር ከተቀላቀለ፣ በዚያ ላይ በሕማማት፣ ባይናገሩሽም ቅር ይላቸዋል። የራሱን ትንሽ ድስት፣ ሳህን፣ ማንኪያ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁን ጭምር ይዘሽ ነይ። ይሄን ያደረገች የጎረቤቴ ምራት ነበረች፣ አማቷ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩላት፣ እስካሁን ያወራሉ። እንቁላሉን እዚህ ትገዣለሽ፣ እርጎም የታሸገ አለ። ከላም ባለቤት የሚመጣ ወተት ግን በደንብ ሳይፈላ እንዳትሰጪው።

ሐይቁ ዳር 10 ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ በረድ ስትል ውሰጂው። ከተማው ሜዳ ነው፣ ዘንባባዎቹ ጥላ አላቸው፣ ጋሪ ካለሽ እንደ ልብ ይሄዳል። ግን እግሩን ውሃው ውስጥ እንዳታስነኪው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በቆዳ ነው የሚገባው፣ ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም። እዚሁ ያደግን ሁላችንም ዋኝተንበታል፣ ብዙዎቻችንም መድኃኒቱን ውጠናል። የባለቤትሽን ወንድሞች "ምንም አይለውም፣ እኛ አድገንበት የለ" ሲሉ ካገኘሻቸው ይሄን ጠይቂያቸው።

አልሄድም ባይ፦

እኔ ብሆን አልሄድም። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይሂድ፣ አያቶቹን ደግሞ ትኬት ቆርጣችሁ ወደ እናንተ አምጧቸው።

ባለ ሁለቱ፦

@አልሄድም ባይ፣ በፋሲካ የጎጃም እናት ቤቷን ዘግታ አዲስ አበባ ትምጣ? ዶሮውን ማን ሊሠራው?

ወደ ጥያቄው። እኔ የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ ሚስቴ የአዲስ አበባ ናት፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ እና ከባልሽ ጋር ያደረግሽውን ክርክር እኛም አድርገነዋል። በመኪና ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በደብረ ማርቆስ በኩል። ለትልቅ ሰው ቆንጆ መንገድ ነው፣ አልዋሽም። ግን ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይጀምራል። ከ1000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ያን ሁሉ እንደገና ወደ ደጀን ትወጣላችሁ፣ መታጠፊያው ማለቂያ የለውም፣ ታች ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ልጅ እዚያ ላይ ነው የሚያስመልሰው። ጆሮውም ይደፈናል፣ ለምን እንደሚያመው ስለማያውቅ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ እናት ከወንበሩ አውጥታ ትታቀፈዋለች፣ ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። በዚያ መንገድ ላይ ልጅ ታቅፎ ጋቢና መቀመጥ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ልጁን ከፊት መስታወት ጋር ማጋጨት ነው። በመኪና የግድ ከሆነ የልጅ የመኪና ወንበር፣ ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ። አዳራችሁ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ይሁን፣ በአንድ ቀን አትጨርሱት። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ሰሞኑን የተጓዘ ሰው ጠይቁ፣ ዓምና እንዲህ ነበር ተብሎ አይወጣም። ለኔ ግን በዚህ ዕድሜ አውሮፕላን ነው፣ ባልሽን እዚህ አምጪና ያንብበው።

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ስለሆነ እቅፍሽ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ የራሱ ተጨማሪ ቀበቶ ይሰጥሻል፣ ካልሰጡሽ ጠይቂ። የልደት ሰርተፍኬቱን ያዢ። ትኬቱን አሁኑኑ ቁረጡ፣ የፋሲካ ሰሞን በረራ ቶሎ ይሞላል። ቦሌ ላይ ፍተሻው ሁለቴ ስለሆነ ልጁን በአንቀልባ ወይ በማዘያ አድርጊው፣ እጅሽ ነፃ ይሁን፣ የምትፈቺው ጫማ አታድርጊ። የሱን ምግብና ውሃ ለፈታሹ አውጥተሽ አሳይ፣ የሕፃን መሆኑን ሲያዩ አያስቸግሩም።

ጡት ወይ ጡጦ የምትሰጪው መነሳት ሲጀምርና ሊያርፍ መውረድ ሲጀምር ነው። መውረዱ ላይ ነው ጆሮ የሚያስቸግረው፣ መነሳቱ ላይ ከጠባ በኋላ መውረዱ ላይ እምቢ እንዳይልሽ መሀሉን አቆይው። ፕሮፔለር ባለው አውሮፕላን ከሄዳችሁ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ልጅ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ በድምፁ እንቅልፍ ይወስደዋል። የኛ የመጀመሪያዋ ተኛች፣ ሁለተኛው አብሮ ጮኸ።

እና ዘጌን ሳታዩ እንዳትመለሱ። በጀልባ ወጣ ብላችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማችሁ ተመለሱ፣ ልጁም ይባረካል።

ነርስ እናት፦

ስለ ግግ ነው የገባሁት፣ ሌላው ይቆየኝ።

በዚህ ዕድሜ ልጅ ጥርስ ያበቅላል፣ ድዱ ያብጣል፣ ይለሀጫል፣ ያገኘውን ይነክሳል። በዚሁ ዕድሜ ደግሞ መሬት ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን አፉ ይከታል፣ አዳዲስ ምግብ ይጀምራል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህኛው ነው፣ ከእጅ፣ ከውሃ፣ ከዕቃ ንጽሕና። ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚመጡ ድሮ እናቶቻችን ያበጠውን ድድ አይተው "ግግ ነው ያስቀመጠው" አሉ። አያስፈርድባቸውም፣ የሚታየው እሱ ነዋ። ግግ ተብሎ ተቆፍሮ የሚወጣው ግን ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። ሲቆፈር ከሥሩ የተቀመጠው ቋሚ ጥርስ ይጎዳል፣ ልጁ አድጎ ጥርሱ ተጣሞ ይወጣል ወይ ጭራሽ አይወጣም። በዚያ ላይ መሣሪያው ስንት ልጅ አፍ ውስጥ እንደገባ አይታወቅም፤ ደም፣ ቴታነስ፣ ኤችአይቪ። እንጥል ማስቆረጥም ያው ነው፣ "እግረ መንገዱን" ብለው እንዳይጨምሩልሽ። የሴትዮዋ እጅ ቀላልም ይሁን ከባድ መልሱ አይቀየርም።

አሁን ምን ይደረግ ለሚለው፣ ተቅማጥ ከጀመረው ኦአርኤስ ነው። ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጪው፣ የተለመደው ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፣ ግማሹን ከረጢት በግምት እያልሽ አታድርጊ። ባስቀመጠው ቁጥር በማንኪያ ቀስ እያልሽ፣ ከሁለት ዓመት በታች ስለሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው። ዚንክም አለ፣ ለሱ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፣ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ጡት ማጥባቱንም ምግቡንም አታቁሚ። "ሆዱ ይረፍ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ አትስሚው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ ወይ ጡት እምቢ ካለና ከደከመ ቤት አትቆዩ። ባህር ዳር ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም አላት፣ በባጃጅ ደቂቃዎች ናቸው።

ወባው። የባህር ዳር ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ ባሉት ወራት። በግንቦትና በሰኔም ትንሽ ከፍ ይላል። ፋሲካ በመሀል ቢሆንም "የለም" ማለት አይደለም፣ ሐይቅ ያለበት ከተማ ነው። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ማታና ሌሊት ስለሆነ ዋናው ነገር አጎበር ነው። ጠርዙን ፍራሹ ሥር አስገቢው። ሲመሽ እጀ ረጅምና ሱሪ አልብሺው። ቅባትም አለ፣ ግን እጁን አትቀቢው፣ ይልሰዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ባህር ዳር እንሄዳለን ብላችሁ ጠይቁት።

ይሄን ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ደግሜ እላለሁ። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሳምንትም ይሁን ወር፣ ልጁን ካተኮሰው ክሊኒክ ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው "ባህር ዳር ነበርን" የሚለውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ልጅ ሲያተኩሰው ቶንሲል፣ ጉንፋን፣ የጆሮ ኢንፌክሽን ይታሰባል፣ ወባ ቶሎ አይታሰብም። አንቺ ከተናገርሽ ደሙ ይታያል።

የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቱን መውሰዱን ካርዱ ላይ አረጋግጪ፣ በበዓል ልጅ ከልጅ ጋር ይደባለቃል። ሁለተኛው 15 ወሩ ላይ ነው። ካርዱንም ይዘሽ ሂጂ።

ማር ደግሞ። የጎጃም ማር እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ "ለጉሮሮው" ተብሎ በጣት ይመጣል። ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም። ማር ውስጥ ለትልቅ ሰው ምንም የማይል ለሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ ሕመም የሚያመጣ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ጠላና ጠጅ በጣት ማስላስም አለ፣ እሱን እንኳ አልዘረዝረውም።

አያት ነኝ፦

ልጆቼ፣ እኔ እዚያ ወገን ነኝ፣ አማት ነኝ፣ ምራት አለችኝ። ሁላችሁም እውነት ጽፋችኋል። ነርሷ የጻፈችውን አንብቤ እኔ ራሴ ልጆቼን ያስወጣሁበትን ዘመን አሰብኩ። ያኔ የሚነግረን አልነበረም።

ግን አንቺ ልጅ፣ ስትሄጂ ቄጠማ አይጎዝጎዝ፣ ቡና ራቅ ይበል፣ ማር አይቅመስ፣ ፈንዲሻ አይስጡት፣ አትሳሙት፣ በ2 ሰዓት ዝም በሉ ካልሽ አማትሽ ከልጅ ልጃቸው ጋር አይገናኙም፣ ከደንብ ጋር ነው የሚገናኙት። የማትለቂውን ለይ። ግግ አትልቀቂ። እሳቱን አትልቀቂ። የሚያንቀውን አትልቀቂ። ማሩንም እሺ፣ ነርሷ ካለች። ሌላውን ልቀቂ። እንቅልፉ ይዛባ፣ ስትመለሱ ይስተካከላል። አንድ ቀን ሳይታጠብ ይደር። ፊቱ ላይ ቱፍ ቱፍ ይበሉበት፣ ከዓይን ያውጣው ብለው ነው፣ መርቀውታል። ክርም ቢያስሩለት አንገቱ ላይ እንዳይሆን ብለሽ እጁ ላይ ይሁን በይ፣ ሲተኛ ትፈቺዋለሽ።

ግጉን ደግሞ አንቺ አትናገሪ። ልጃቸው ይናገር። ምራት ስትናገር ንቀት ይመስላል፣ ልጅ ሲናገር ምክር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ፣ ለእናቱ ብቻ፣ ሰው በሌለበት። "እማዬ፣ ሐኪም ቤት አሳይተነዋል፣ ግግ አይደለም ብለውናል፣ ድዱን መንካት ከልክለውናል" ይበል። ሴትዮዋን ሳታመጣ ነው መነገር ያለበት። ቤት ከመጣች፣ ከተቀመጠች፣ ቡና ከጠጣች በኋላ ባዶ እጅዋን መመለስ ለአማትሽ ውርደት ነው።

ሰው መለየቱን ደግሞ አትፍሪበት። እንደ ገባችሁ አማትሽ ላይ አትጣይው። አንቺ አቅፈሽው አጠገባቸው ተቀመጪ፣ ያያቸው፣ ድምፃቸውን ይስማ፣ ሻርፓቸውን ይጎትት። ራሱ ይሄዳል። እኔ የልጅ ልጄ ሲመጣ "ና ና" አልለውም፣ ሞሰብ ክዳን ሰጥቼ ዞር እላለሁ፣ ከዚያ እሱ ነው የሚከተለኝ።

ለትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ይሉሻል። ልጁን የሚይዝ አንድ ሰው እቤት ይቅር። እሱ ሰው ሁልጊዜ አንቺ መሆን የለብሽም።

ወፌ ቆመች፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዛሬ ማታ ሊደውልላቸው ነው። መጀመሪያ "አንቺው ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች" ብሎኝ ነበር፣ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሳነብለት ዝም አለ።

መኪናውም ቀርቷል። "ዓባይ በረሃን ሲያድግ ያየዋል" ብሏል ራሱ። @ባለ ሁለቱ አመሰግናለሁ።

@ነርስ እናት፣ የኩፍኙን ወስዷል፣ ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። ኦአርኤስና ዚንክ ከዚህ ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ አገኛለሁ?

እና ዘጌን ተመኘሁት፣ ግን ፈራሁ። ይቻላል?

ነርስ እናት፦

እዚያም ይገኛል፣ ግን ከዚህ ያዢ። በበዓል ቀን ሌሊት ፋርማሲ ፍለጋ ከመዞር ሁለት ከረጢት ቦርሳ ውስጥ አይከብድም። ቴርሞሜትርም።

ጣና ዳር፦

ዘጌ ላይ ከባለ ሁለቱ ጋር አልስማማም። ከባህር ዳር በተራ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ደርሶ መልስ ፀሐይ ላይ ነሽ፣ ጀልባ ላይ የሚሰጡት የሕይወት ጃኬት ለሱ መጠን አይሆንም። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ነው፣ ጋሪ አይሄድም። ሁለት ዓመት ሲሞላው ያምራል።

ባለ ሁለቱ፦

አንቀልባ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? የዘጌ እናቶች ልጆቻቸውን በምን የሚያሻግሩ ይመስልሻል?

ጣና ዳር፦

እነሱ ውሃውን ያውቁታል፣ አማራጭም የላቸውም። እሷ ምርጫ አላት።

ባለ ሁለቱ፦

እሺ ይሁን፣ ግን የግድ ከሄዳችሁ ጠዋት በማለዳ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ጣና ይናወጣል፣ ጀልባው ሲነሳ ሲወድቅ ልጅ ይዞ መቀመጥ ከባድ ነው። ባለ ጀልባውን የሕፃን ጃኬት አለህ ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁት፣ የለም ካለ ሌላ ጠይቁ። ሁሉም የለም ካሉ ጣና ዳር ያለችው ትክክል ናት፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ታንኳ የሚቀዝፉትን አሳዩት። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ደግሞ አታስቡት፣ ሴት አይገባባቸውም፣ አንቺ ጀልባ ላይ ልጅ ይዘሽ ልትጠብቂ ነው።

ወፌ ቆመች፦

ጀልባው ይቅርብኝ፣ ሐይቁ ዳር ይበቃናል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አማቶቼ ቤት የምንተኛበት ክፍል አጎበር የለውም ብሎኛል ባለቤቴ። ከዚህ ልግዛ? ዳይፐሩንስ በብዛት ልያዝ?

ጣና ዳር፦

ዳይፐር እዚህ ሞልቷል፣ ለመንገድና ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ብቻ ያዢ። ልጁ አንድ ዓይነት ብቻ የሚስማማው ከሆነ ግን ያንኑ ይዘሽ ነይ፣ ሙቀቱ ላይ ቂጡ ይቀላል። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ያለ ዳይፐር ልቀቂው፣ አያት ቤት ማንም አይቆጣም።

አጎበሩን ክቡን፣ ከላይ በአንድ ገመድ የሚሰቀለውን ግዢ። ባለ አራት ማዕዘኑ አራት ሚስማር ይፈልጋል፣ ክቡ አንድ ይበቃዋል። ባለቤትሽ እንደ ደረሳችሁ ሳይመሽ ይስቀለው፣ ማታ ዘመድ ከመጣ በኋላ መዶሻ የሚይዝ የለም።